ፓምፑ ሳይለካ «ሞቷል» ሊባል ይችላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእርሻ መሣሪያዎች ዓምድ

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣

በአርሲ ኢተያ አካባቢ ስንዴ የማመርት ገበሬ ነኝ። 85 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ የፈርጉሰን ዓይነት ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻ) ያለው ትራክተር አለኝ። የራሴን መሬት አርስበታለሁ፣ ለጎረቤቶቼም አከራያለሁ። ካለፈው መኸር ጀምሮ የኋላ ማንሻው አስቸግሮኛል። ጠዋት ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ ያለ ችግር ያነሳል። ወደ እኩለ ቀን፣ ዘይቱ ሲግል ግን፣ ማረሻውን ለማንሳት ይዳክራል፤ ካነሳው በኋላም ማረሻው አየር ላይ ሆኖ ከፍ ዝቅ እያለ ይነቀነቃል። ሞተሩን አጥፍቼ ምሳ በልቼ ስመለስ ማረሻውን መሬት ወርዶ አገኘዋለሁ። የሚገርመኝ ቀላሉን የማዳበሪያ መበተኛ ስገጥምለት ቀኑን ሙሉ እንደ አዲስ ማንሳቱ ነው።

ትራክተሩን የሸጠልኝን ድርጅት መካኒክ አስጠራሁ። መካኒኩ እጀታውን ሁለት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ካደረገ በኋላ «ፓምፑ ሞቷል፣ ሙሉው ይቀየራል» ብሎኝ ሄደ። የግፊት መለኪያ አልያዘም ነበር። ቢሮ ሄጄ ለምን እንዳልተለካ ስጠይቅ «እኛ በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆይተናል፤ ካላመኑን ሌላ ቦታ ይውሰዱት» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ዋስትናው ባለፈው ዓመት አልቋል። የጠየቁኝ ዋጋ የዚህን ዓመት የኪራይ ገቢዬን የሚወስድ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የጎደለውን ዘይት ከሱቅ በምገዛው ባለ 40 የሞተር ዘይት እሞላ ነበር፤ ጥፋቱ ከዚያ የመጣ ይሆን? የክረምቱ እርሻ ደርሶብኛልና የድርጅቱን ቃል ልቀበል ወይስ ልከራከር?

ሀ. ወ.፣ ከኢተያ

መልስ

ይጠይቁ እንጂ። ለመጠየቅም በቂ ምክንያት አለዎት። በደብዳቤዎ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች አብዛኞቹ የሚያመለክቱት ማንሻው ውስጥ ዘይት የሚያመልጥበት ቦታ መኖሩን ነው፤ ያ ቦታ ፓምፑ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ አይደለም። እጀታውን ሁለት ጊዜ በማንቀሳቀስ ብቻ ደግሞ ማንም መካኒክ፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልዎ ከመሠረቱ እንጀምር። የፓምፕ ሥራ ዘይት መግፋት ነው፤ ግፊት የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት ሸክም ሲገጥመው ነው። የማዳበሪያ መበተኛው ሲነሳ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ጥቂት ሲሆን፣ ባለ ሦስት ዲስኩ ማረሻ ሲነሳ ግን ግፊቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ዘይት የሚያመልጥበት ክፍተት ካለ፣ ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሚያመልጠው ዘይትም ስለሚበዛ፣ ቀላል ዕቃ ላይ ያልታየው ጉድለት ከባዱ ላይ ይገለጣል። ችግሩ ለፓምፑ በቂ ዘይት አለመድረሱ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ የመምጠጫው ፊልትሮ በቆሻሻ ቢደፈን፣ ቀላሉም ከባዱም በዝግታ ይነሱ ነበር። የእርስዎ መበተኛ ቀኑን ሙሉ በፍጥነት የሚነሳ ከሆነ ዘይት ለፓምፑ እየደረሰ ነው፣ ፓምፑም እየገፋ ነው ማለት ነው።

የሰዓቱ ልዩነትም የሚናገረው አለው። ዘይት ሲግል ስለሚቀጥን በጠባብ ክፍተት በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ ጠዋት ደህና ሆኖ ቀትር ላይ የሚደክም ማንሻ ማምለጫ አለበት ተብሎ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ጠዋት በብርዱ እየደከመ ከሞቀ በኋላ የሚሻለው ማንሻ፣ ዘይቱ በጣም ወፍሮበታል ወይም ፊልትሮው ተደፍኖበታል። እውነቱን ለመናገር ያለቀ ፓምፕም በራሱ ውስጥ ዘይት ስለሚያሳልፍ፣ እስካሁን ያየናቸው ሁለት ምልክቶች ፓምፑን ነጻ አያወጡትም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የምሳ ሰዓቱ ነገር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፓምፑ ቆሟል፤ ማረሻውን አየር ላይ የያዘው በማንሻው ሲሊንደር ውስጥ የታሰረው ዘይት ነው። ማረሻው ከወረደ የታሰረው ዘይት በአንድ በኩል እየወጣ ነው ማለት ነው። መውጫዎቹም የታወቁ ናቸው፦ የሲሊንደሩ ፒስቶን ፋሻ ወይም ጎሚኒ (የፒስቶኑ ማሸጊያ)፣ ከፓምፑ ወደ ሲሊንደሩ ዘይት የሚያደርሰው ቀጥ ያለ ቧንቧ ጫፍ ላይ ያሉት ኦሪንጎች (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች)፣ መቆጣጠሪያው ቫልቭ፣ መካኒኮች ሴፍቲ ቫልቭ የሚሉት የግፊት መልቀቂያ፣ እንዲሁም ዘይቱ ወደ ፓምፑ እንዳይመለስ የሚያግዱት ትንንሽ ቫልቮች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚገኙት ፓምፑ ላይ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ቢሆንም በየራሳቸው ተፈትተው የሚጸዱ ወይም የሚለወጡ ስለሆኑ ሙሉውን ፓምፕ ለማስጣል ምክንያት አይሆኑም። አንድ ሌሊት ያደረ ማረሻ ጥቂት ዝቅ ቢል አያስደንቅም፤ በአንድ ምሳ ሰዓት መሬት የሚደርስ ከሆነ ግን ማምለጫው ትልቅ ነው።

አየር ላይ ከፍ ዝቅ እያለ መነቀነቁም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ዘይት ሲያመልጥ ክንዶቹ ጥቂት ዝቅ ይላሉ፤ መቆጣጠሪያው ዝቅ ማለታቸውን ሲያውቅ ቫልቩን ከፍቶ መልሶ ያነሳቸዋል፤ ዘይቱ እንደገና ሲያመልጥ እንደገና ይወርዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ አራት ፒስቶኖች ያሉት ሲሆን፣ የአንዱ ክፍል ቫልቭ ከተበላሸ ማንሻው በመነሳት ላይ ሳለ፣ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር አብሮ በሚፈጥን ምት ይንተከተካል። የእርስዎ ማረሻ የሚነቀነቀው ተነስቶ ከቆመ በኋላ ከሆነ ከላይ የገለጽኩት ማምለጥ ነው፤ በመነሳት ላይ ሳለ የሚንተከተክ ከሆነ ግን የድርጅቱ መካኒክ ስለ ፓምፑ የተናገረው ሚዛን ይደፋል። ሁለቱን መለየት ገንዘብ አያስወጣም።

ወደ ዘይቱ ልለፍ። ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የነደፈውና ከ1946 ጀምሮ በእንግሊዝ ኮቨንትሪ በተሠራችው ግራጫ ትራክተር በዓለም የተሠራጨው አሠራር ከሌሎች የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ፓምፑ ከኋላ አክሰሉ ቤት ውስጥ በዘይት ተውጦ ይቀመጣል፣ ዘይቱም ከካምቢዮው ጋር የጋራ ነው፣ መቆጣጠሪያው ቫልቭ ደግሞ የሚገኘው ፓምፑ በሚመጥበት በኩል ነው። በዚህ ምክንያት ፓምፑ ሲመጥ የሚያስቸግረውን ነገር ሁሉ፣ ማለትም የወፈረ ዘይትን፣ የተደፈነ ፊልትሮን፣ የዘይት ማነስን፣ አይታገስም። ባለ 40 የሞተር ዘይት መጨመርዎ ትክክል አልነበረም፤ ብሬካቸው ዘይት ውስጥ በሚሠራ ትራክተሮች ላይ ብሬኩን ያጮኸዋል፣ ያንሸራትተዋልም። ይሁን እንጂ አሁን ያለብዎትን ችግር ያመጣው እሱ አይመስለኝም። ባለ 40 ዘይት ሲግል ለዚህ ሥራ ከተዘጋጀው ባለ 10/30 የትራክተር ዘይት ይልቅ ወፍራም ሆኖ ስለሚቆይ ማምለጡን ይቀንሳል እንጂ አያባብሰውም። ወፍራም ዘይት ተደባልቆበትም ቀትር ላይ የሚደክም ከሆነ ክፍተቱ ቀላል አይደለም። ዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ይመልከቱ፤ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፣ አረፋ ከያዘ አየር እየመጠጠ ነው፣ ከሁለቱ በአንዱም ቢሆን ስለ ፓምፕ ከመነጋገር በፊት ዘይቱ ከነፊልትሮው ይለወጥ።

አሁን መለካት ወደሚባለው ነገር እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው። በማንሻው መክደኛ ላይ፣ የተሳቢ መገልበጫ ቱቦ በሚታሰርበት ቀዳዳ፣ እስከ 350 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚያነብ መለኪያ ይታሰራል። ዘይቱ በሥራ ከሞቀ በኋላ ሞተሩ መመሪያው ላይ በተጻፈው ፍጥነት እየሠራ ማንሻው እስከ መጨረሻው ይነሳና፣ እጀታው ፓምፑ ሳያቋርጥ በሚገፋበት ቦታ ላይ ሆኖ፣ የግፊት መልቀቂያው የሚከፍትበት ቁጥር ይነበባል። የዚህ ዓይነት ትልልቅ ሞዴሎች በ3000 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ207 ባር አካባቢ ይከፍታሉ፤ የእርስዎ ሞዴል ትክክለኛ ቁጥር በጥገና መመሪያው ውስጥ አለ። ዘይቱ ግሎ ሳለ መለኪያው ያንን ቁጥር ከነካ፣ ፓምፑ ግፊት መፍጠር አቅቶታል ማለት አይቻልም። ቁጥሩ ካነሰ ደግሞ ፓምፑ ወዲያውኑ አይወነጀልም፤ መለኪያው የሚያነበው የፓምፑን፣ የመልቀቂያውን፣ የቧንቧውንና የሲሊንደሩን ድምር ውጤት ስለሆነ፣ ከአራቱ አንዱ ቢያሳልፍ ቁጥሩ ይወርዳል። ፓምፑ በእርግጥ የሚታወቀው ከሲሊንደሩ ተለይቶ ለብቻው ሲለካ ነው፣ ለዚያም መክደኛው መነሳት አለበት።

«መለኪያ የት ይገኛል?» ቢሉኝ፣ የሎደርና የኤክስካቫተር ጋራዦች ይህ ዕቃ የዕለት መሣሪያቸው ነው። የትራክተር ነጋዴ መካኒኩን ያለ መለኪያ ወደ ማሳ ሲልክ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ግን መለኪያ ሳይዝ ማሽን አያስከፍትም፤ ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ከመለኪያው በፊትም በነጻ የሚደረግ ነገር አለ። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ትራክተሮች ላይ ከኋላ አክሰሉ ቤት ጎን የሚፈታ መክደኛ አለ። ዘይቱ ከመክደኛው ቀዳዳ በታች እስኪሆን ይቀነሳል፤ በቂ ዘይት ከሥር መቅረቱ ይረጋገጣል፤ ማረሻው ይነሳና ሞተሩ ይጠፋል። ከዚያ መክደኛው ተፈትቶ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይታያል። ማረሻው በክብደቱ የታሰረውን ዘይት ስለሚጫነው፣ ዘይቱ ከሲሊንደሩ አፍ እየተንጠባጠበ ከሆነ የፒስቶኑ ፋሻ ወይም ጎሚኒ ነው፤ ከቧንቧው ጫፍ ከሆነ ኦሪንጉ ነው፤ ከፓምፑ በኩል ከሆነ ቫልቮቹ ናቸው። ይህን ያየ መካኒክ ከዚያ ወዲያ የሚናገረው በግምት አይሆንም። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በተነሳው ማረሻ ሥር ወይም አጠገብ ሰው አይቁም፤ ወደ ውስጥ የሚመለከተውም በጎን በኩል ሆኖ እጁን ሳያስገባ ይመልከት። ከዚህም ሌላ ሞተር እየሠራ ሳለ የሚረጭ ዘይት በእጅ አይፈለግም፤ በከፍተኛ ግፊት ከጠባብ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፣ ቁስሉም የመርፌ ያህል ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ሆስፒታል ካልተደረሰ እጅን ሊያሳጣ ይችላል። መፈለጊያው ካርቶን ነው።

ለድርጅቱ ፍትሐዊ ለመሆን የእነርሱን ሐሳብም ላቅርብ። ፓምፑ ያለው ውስጥ በመሆኑ ለማውጣት መቀመጫው ይነሳል፣ ከባዱ የማንሻ መክደኛ በክሬን ወይም በብዙ ሰው ጉልበት ይነሳል። አንዴ ጎሚኒ ለውጦ ዘግቶ፣ ከሁለት ወር በኋላ ፓምፑ ቢደክም ያው ሥራ በሙሉ ይደገማል፣ ደንበኛውም በቁጣ ይመለሳል። ስለዚህ ነጋዴው «ከተከፈተ አይቀር ሁሉም ይለወጥ» ማለቱ ከስስት ብቻ የመጣ አይደለም። ይህ አነጋገር ግን የሥራ ምርጫ ነው። ምርጫ ደግሞ የሚከፍለው ሰው ውሳኔ ስለሆነ «ፓምፑ ሞቷል» በሚል የብልሽት ስም ተሸፍኖ ሊቀርብልዎ አይገባም ነበር።

ስለዚህ ወደ ቢሮው ሲመለሱ ጠብ ሳያነሱ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ዘይቱ ግሎ ሳለ ስንት ባር አነበባችሁ? ሞተሩ በምን ፍጥነት ሲሠራ? ሞተሩ ጠፍቶ ማረሻው የሚወርደውስ በየት በኩል ነው?» መልስ ከሌላቸው እንዲለኩልዎና የተነበበውን ቁጥር በሥራ ትእዛዙ ላይ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ፤ የመለኪያውን ክፍያ እርስዎ ለመሸፈን ቢስማሙ ያዋጣዎታል። ቀጥሎ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይስማሙ። አንደኛው የወጣው አሮጌ ዕቃ ለእርስዎ ተመላሽ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው ፓምፑ ተለውጦ ማረሻው አሁንም በምሳ ሰዓት የሚወርድ ከሆነ ዳግም የሚከፈትበትን የጉልበት ዋጋ ማን እንደሚከፍል ነው። በምርመራው የሚተማመን ድርጅት ሁለተኛውን ለመፈረም አይቸገርም፤ ከተቸገረ ደግሞ የሚፈልጉትን መልስ አግኝተዋል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መክደኛውን አስነስቼ የሲሊንደሩን ፋሻና ጎሚኒ፣ የቧንቧውን ኦሪንጎች በሙሉ አስለውጥ ነበር፤ የእነዚህ ዋጋ ከሙሉ ፓምፕ ጋር አይነጻጸርም። መክደኛው እንደተነሳ የፓምፑ ፊልትሮ ወጥቶ ይታይ፤ ውስጡ የብረት ስንጣሪ ከተገኘ፣ የፓምፑ ፒስቶኖች ተፍቀው ከታዩ፣ ወይም ተለይቶ ሲለካ ግሎ ሳለ ቁጥሩን መድረስ ካቃተው፣ ያን ጊዜ ድርጅቱ ልክ ነበርና ፓምፑን ያለ ቅሬታ ይግዙ። ሲገዙም ሣጥኑ ላይ ያለውን ስም አይተው ብቻ አይክፈሉ፤ በአንድ ቁጥር የሚሸጡ፣ በተለያየ አገር የተሠሩ፣ ጥራታቸው የሚለያይ መለዋወጫዎች ገበያ ላይ አሉና የተሠራበት አገር በደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎ።

ጥያቄ

በመተማ አካባቢ ሰሊጥና ማሽላ አመርታለሁ። የቤላሩስ 80 ትራክተሬ ማሽላ የጫነውን ተሳቢ ሲገለብጥ በጣም እየዘገየ ነው፤ የኋላ ማንሻው ግን ማረሻ ለማንሳት ችግር የለበትም። ነጋዴው ዲስትሪቢዩተሩ ይቀየር አለ። እውነት ይሆን?

ተ. ገ.፣ ከመተማ

መልስ

በዚህ ትራክተር ላይ ለማንሻውም ለተሳቢውም ዘይት የሚልከው አንድ ፓምፕ ሲሆን፣ ዘይቱን የሚያከፋፍለውም ባለ ሦስት እጀታው አንድ ዲስትሪቢዩተር ነው፤ መሪው የራሱ ፓምፕ ስላለው እዚህ አይቆጠርም። ማረሻው በደንብ የሚነሳ ከሆነ ፓምፑና የዲስትሪቢዩተሩ የግፊት መልቀቂያ ደህና ናቸው ማለት ይቻላል። ከዲስትሪቢዩተሩ በኩል ሊጠረጠር የሚቀረው የተሳቢው እጀታ ብቻውን ማሳለፉ ነው፤ እሱን ለመለየት የተሳቢውን ቱቦ ከሌላኛው እጀታ መውጫ ላይ አስረው ያንኑ ጭነት ይገልብጡ። ከፈጠነ የነጋዴው ጥርጣሬ መሠረት አለው። እንደበፊቱ ከዘገየ ዲስትሪቢዩተሩን አይንኩት፤ የቱቦውን ማያያዣ ይመልከቱ፣ በውስጡ ያለችው ኳስ ሙሉ በሙሉ ካልተገፋች ዘይቱ በጠባብ ያልፋልና። ከዚያ ቱቦው ይታይ፤ ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ተላጦ መንገዱን ይዘጋል። በመጨረሻ የተሳቢው ሲሊንደር ይፈተሽ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ተሳቢው ባዶ ሆኖ ተነስቶ እንዲቆይ ካስፈለገ በሃይድሮሊኩ አይተማመኑ፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ተደርጎለት ክብደቱ ድጋፉ ላይ መቀመጡን ካዩ በኋላ ብቻ ከሥሩ ይግቡ።